የቃሬዛ እርምጃ

ንጋቱ ጠዋት ከመደብ ሲወርድ ግራ እግሩን ያስቀድማል። ቀኙን ወዲያው አያሳርፍም። ሌሊቱን ያረፈው ተረከዝ መሬት ሲነካ ሚስማር የረገጠ ያህል ይወጋዋል። ግድግዳውን ይዞ ሁለት ሦስቴ ካነከሰ በኋላ ሕመሙ እየደነዘዘ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ደጅ ይወጣና ማታ ውኃ ሞልቶ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ያሳደረውን የሃይላንድ ፕላስቲክ ያነሳል። የላይ ጋይንት ውርጭ ውኃውን ድንጋይ አድርጎት ያድራል። ንጋቱ አጎዛ ላይ ቁጭ ብሎ ውስጥ እግሩን በፕላስቲኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል።

«ደግሞ ጀመርክ?» ይላሉ የኔነሽ ከበሩ ብቅ ብለው። «የታመመ እግር በእሳት ይሞቃል እንጂ በበረዶ ይታሻል?»

«የስፖርት መምህሩ ነው ያለኝ፣ እማ የኔነሽ።»

«የሚቀዘቅዘው የእሱ እግር አይደል። ምን ቸገረው!»

የኔነሽ የሟች ሚስቱ የላቀች እናት ናቸው። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ወንድማቸው ዘንድ ሊሄዱ ስንት ጊዜ ጓዛቸውን ሰብስበው መልሰው ፈትተውታል። ንጋቱን ብቻውን መተው አልሆነላቸውም። ዝም ማለቱን ችለውታል፤ ሐዘንተኛ ዝም ይላል። ያስጨነቃቸው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ያመጡላቸው ወሬ ነው። መንገድ ላይ ብቻውን ሲሄድ ለሆነ ሰው መልስ ሲሰጥ ሰምተነዋል አሏቸው።

ንጋቱ እርምጃ ተወዳዳሪ ነው። ሩጫ አይደለም፤ አንዱ እግር ሳይረግጥ ሌላው ከመሬት ከተነሳ ዳኛ ያስወጣል፤ የሚረግጠው እግርም ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ዳሌ ነው የሚሠራው። ለማያውቅ ሰው ያስቃል። ንፋስ መውጫ መግቢያ ላይ የተኮለኮሉት የባጃጅ ነጂዎች ሲያልፍ ባዩት ቁጥር አይምሩትም።

«ሰውዬ፣ ወይ ሩጥ ወይ ሂድ! መሐል ቤት ምን ያንጠለጥልሃል?»

«ተወው፣ ሙሽራ እያጀበ ነው!»

ከፋሲካ በኋላ ደብረ ታቦር ላይ ውድድር አለ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን ባሕር ዳር ያለ ክለብ ይወስዳቸዋል። ንጋቱ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ዘንድሮ ካልሆነለት ከርሞ የሚጠብቀው ክለብ የለም። ተረከዙ ግን በየሳምንቱ እየባሰበት ነበር።

እርምጃውን ስታዲየም አልተማረውም። መንደሩ ከአስፋልቱ ርቆ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው። ዝናብ ሲጥል መኪና አይገባበትም። ሰው የታመመ እንደሆነ ጎረቤት ይጠራራና በቃሬዛ አድርጎ ንፋስ መውጫ ያደርሰዋል። ቃሬዛው በጠፍር የተጠላለፉ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ነው። አራት ሰው ይሸከመዋል፤ ሌሎች አብረው እየሄዱ የደከመውን ይቀበላሉ። እርምጃ የሚሰጠው ከፊት በቀኝ በኩል የያዘው ነው። እሱ ከሮጠ በሽተኛው ይናጣል፤ ከዘገየ በሽተኛው አይደርስም። ስለዚህ እግሩን ሳያነሳ እንደሚፈስ ውኃ ይሄዳል። ንጋቱ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያ ቦታ የእሱ ነው። እሱ ፊት ሆኖ ሲመራ በሽተኛ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል እየተባለ ይወራለታል።

ከሁለት ክረምት በፊት ላቀች ምጥ ጠናባት፤ ደምም ፈሰሳት። ንጋቱ እንደ ልማዱ ፊት በቀኝ ያዘ። አወቀ የሚባለው ጎረቤቱ በዚያው እንጨት በኋላው ጫፍ ገባ። ተቀባዮቹ «አምጣ፣ እረፍ» ቢሉት አልሰጥም አለ። ወንዙን ሲሻገሩ አልሰጠም። ከመንገዱ አጋማሽ ያለውን ትልቁን የኮሶ ዛፍ ሲያልፉ አልሰጠም። ከተማው አፋፍ ላይ ቀዩን ዳገት ሲወጡ «ንጋቱ፣ ደረስን?» ስትል ሰማት። ወደ ኋላ ሳይዞር «ደርሰናል፤ ትንሽ ናት የቀረችን» አላት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቃሬዛውን ሲያወርዱት ላቀች ከነጽንሷ ሞታለች። ፊት የሚሸከም ሰው የሚሸከመውን አያይም። መቼ እንደተለየችው ንጋቱ አያውቅም። ትከሻው ላይ የቀለለም የከበደም ነገር አልነበረም።

ያን ቀን መምህር ዘመኑ፣ የስፖርት መምህሩ፣ ክንዱ የተሰበረ ተማሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የዓመት ተዝካሯ ካለፈ በኋላ መንደር ድረስ ወርዶ ንጋቱን አገኘው።

«ያን ቀን አይቼሃለሁ» አለው፣ እያፈረ። «ይቅር በለኝ። ሁሉም ሐዘንህን ሲያይ እኔ እግርህን ነው ያየሁት።»

ለውድድር ላሠልጥንህ ሲለው ንጋቱ እሺ ያለው ስለ ክለቡ ብሎ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ያን እርምጃ ሲሄድ፣ አካሉ እንደ ሞቀ፣ ከኋላው የቃሬዛ ጠፍር ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማ። ቀኝ ትከሻው ላይ እንጨቱ አረፈ። ዞር ብሎ አላየም፤ ቢዞር እንደሚጠፋበት ገባው። በማግሥቱም ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀረም። አንዳንድ ቀን በመንደሩ መንገድ፣ ቀዩ ዳገት ላይ፣ የላቀች ድምፅ ይጠራዋል፤ እሱም ይመልሳል።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ውድድሩ ሲቃረብ መምህር ዘመኑ ከኋላ ሆኖ በስልኩ ቀረጸውና አሳየው።

«እስቲ ተመልከት። ቀኝ ትከሻህ ዝቅ ብሏል። አንገትህ ወደ ግራ ዘሟል። ክብደትህ በሙሉ የሚያርፈው በቀኝ ተረከዝህ ነው። እግርህ አይደለም የታመመው፤ አካሄድህ ነው የሚያሳምመው። ምን ተሸክመህ ነው እንዲህ የም…» አለና ቃሉን ዋጠው።

ንጋቱ ስልኩን አልመለሰም። በትንሿ መስታወት ውስጥ አንድ ሰው ለእንጨት ቦታ ሊለቅ አንገቱን አዘንብሎ ይሄዳል። እንጨቱ ብቻ የለም።

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለው መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካልሆነ ይህ ጅማት አንድ ቀን ይበጠሳል። እንኳን ውድድር፣ ሞፈርና ቀንበርህንም አትከተልም።»

ንጋቱ ሞከረ። አንገቱን አቃንቶ፣ ትከሻውን አስተካክሎ ሄደ። ተረከዙ ቀለለው። ከኋላው ግን ነፋስ ብቻ ነበር። ትንሽ እንደሄደ እንዲህ ያለ ባዶነት አልችልም አለና አንገቱን መልሶ አዘነበለ። ሕመሙም መጣ፣ ጠፍሩም ሲጥ ሲጥ አለ።

የኔነሽ ከሚተኙበት አጎዛ ላይ ተረከዝ የሚያህል ቆርጠው በጫማው ውስጥ አነጠፉለት።

«ይህን ያህል የተጎዳ እግር ይዘህ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉት አንድ ቀን።

«የትም፣ እማ የኔነሽ።»

«እሱን አይቻለሁ። የትም ነው የምትሄደው።»

በመጋቢት መጨረሻ የበልጉ ዝናብ መንገዱን ጭቃ ባደረገበት ሰሞን የኔነሽን ውጋት ጎናቸውን ያዛቸው። ትኩሳቱ አቃጠላቸው፤ መተንፈስ አቃታቸው። ባጃጅ ወንዙን አይሻገርም። አወቀ ቃሬዛውን ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አመጣ፤ ጎረቤትም ተሰበሰበ። ንጋቱ ሲጎነበስ የኔነሽ ጋቢያቸውን ገልጠው አዩት።

«አንተ አትይዝም። አንካሳ ነው የሚሸከመኝ?»

«ዝም ይበሉ፣ እማ የኔነሽ። ትንፋሽዎን አይጨርሱ።»

«የቀረኝን ትንፋሽ ለምን ላስቀምጠው? ለዘር?»

ፊት በቀኝ ያዘ። እስከ ወንዙ ደህና ሄደ። ወንዙን ተሻግሮ የመጀመሪያውን አቀበት ሲረግጥ ተረከዙ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰነጠቀበት። እግሩን ማንሳት ጀመረ። ቃሬዛው ዘለለ፤ የኔነሽ ጮኹ። እንደገና ዘለለ።

«ንጋቱ!» አለ አወቀ ከኋላ። «ሴትዮዋን እየናጥካቸው ነው። ስጥ!»

«አልሰጥም።»

«ኧረ ስጥ፣ አንተ ሰውዬ!»

ንጋቱ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። ያኔ ከኋላው፣ ከቃሬዛው ላይ፣ የኔነሽ በተቆራረጠ ትንፋሽ ተናገሩ።

«ልጄን ለማንም ሳትሰጥ ተሸክመህልኛል። እግዜር ይስጥህ። እኔን ግን ለሰው ስጠኝ፤ መድረስ እፈልጋለሁ።»

ንጋቱ ቆመ። ተቀባዩ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ። ቃሬዛው ሲያልፈው መንገዱ ዳር ቀረ፤ ከዚያ እያነከሰ ጎን ለጎን መሄድ ጀመረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተጓዘ ባለ ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ፊት አየ። ከንፈራቸው ደርቋል። ዓይናቸው ወደ ሰማይ ነው። የዝናብ ጠብታ ግንባራቸው ላይ ሲያርፍ አወቀ በነጻ እጁ ጋቢያቸውን ሳብ አደረገላቸው። አወቀ ከበሽተኛዋ ፊት ዓይኑን አይነቅልም። ኋላ የሚሸከም ሰው ሥራው ይኸው ነው። ላቀችንም ሲወስዱ ኋላ የያዘው እሱ እንደነበር ንጋቱ አስታወሰ።

የኔነሽ ደረሱ። መርፌም ተወጉ፤ አልጋም አገኙ። ንጋቱና አወቀ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ንጋቱ ጫማውን አወለቀ።

«አንተ ታይ ነበር» አለ።

አወቀ ምን እንደጠየቀው ገባው።

«አዎ፣ አይ ነበር።»

«የት ላይ ነው የተለየችኝ?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«የት ላይ ነው፣ አወቀ?»

«ኮሶው ሥር። እጇ ከጋቢው ወጥቶ ተንጠለጠለ። እኔ ነኝ መልሼ የከተትኩት። ለሌሎቹ በዓይኔ ነገርኳቸው። ብነግርህ እዚያው ጭቃው ላይ አስቀምጠሃት ትቀመጥ ነበር፤ ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ምን እናድርግህ? ፈቃድህ ነው ብለን ተከተልንህ።»

ንጋቱ ጣቱን ወደ ዳገቱ ዘረጋ። «እዚያ ላይ ጠርታኛለች። ‹ደረስን?› ብላኛለች። መልሼላታለሁ።»

«መመለስህን ሰምተናል» አለ አወቀ። «ጥሪውን ግን ማንም አልሰማም። ላቀች ያን ጊዜ ከሞተች ቆይታለች።»

«ታዲያ ማነው የጠራኝ?»

አወቀ አማተበ።

ንጋቱ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ተመልሶ ከየኔነሽ ራስጌ ቁጭ አለ። ተኝተዋል ብሎ ሲያስብ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ነገረህ?» አሉት።

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«እናቷ ነኝ እኮ። ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ቀዝቅዛ ነበር።» ትንሽ ተነፈሱ። «ከኮሶው ወዲህ ማን እንደሚጠራህ እኔ አላውቅም። እሷ ከሆነች ነፍስ ናትና ትናገር። ሥጋዋን ግን እዚያ አውርዳት። እኔ ፈቅጃለሁ።»

መምህር ዘመኑ እግሩን አይቶ ተሳደበ፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት እርምጃ ከለከለው። ንጋቱ ጅማቱን በጠፍር እየሳበ፣ ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዙን እያወረደ፣ በበረዶው ፋንታ በምንጭ ውኃ እየነከረ ቆየ። ልምምዱን ሲቀጥል ከአስፋልቱ ይልቅ የመንደሩን መንገድ መረጠ። ከቤቱ እስከ ኮሶው በዝግታ ይሄዳል፣ አንገቱን እንዳዘነበለ። ዛፉ ሥር ቆም ይላል። ከዚያ ቀና ይልና እስከ ከተማው በእርምጃ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክፉ ነበሩ። ቀና ባለ ቁጥር ወላጁን ሜዳ ላይ ጥሎ እንደሚሄድ ልጅ ፊቱ ይቃጠል ነበር። ቀዩ ዳገት ላይ ድምፁ አንዳንዴ ይጠራዋል፣ አንዳንዴ አይጠራውም። ሲጠራው ይመልሳል፤ ትከሻውን ግን አያወርድም።

ደብረ ታቦር ላይ አራተኛ ሆኖ ሊገባ ሲል ከፊቱ የነበረውን ልጅ ሁለት እግሩ ከመሬት ተነስቷል ብለው ዳኞች አስወጡት። ንጋቱ ሦስተኛ ተባለ።

«በሰው ውድቀት ነው» አለ አፍሮ።

«የአንተ እግር መሬት አልለቀቀም፤ ደንቡም ይኸው ነው» አለው መምህሩ። «አሁን ሂድና ጫማህን አውልቅ፤ ደምቷል።»

ወደ ባሕር ዳር በሚሄድበት ቀን የኔነሽ በምርኩዝ እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኙት። ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ሻንጣው ውስጥ ከተቱለት።

«እዚያ ሙቀት ነው አሉ። በረዶህን ከየት ልታመጣ ነው?»

«ሱቅ ይሸጣል፣ እማ የኔነሽ።»

«በረዶ ይሸጣል? ጉድ! እዚህ በነጻ ስንረግጠው ኖረን!»

ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ተቋረጠና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አወቀ ሻንጣውን ልያዝልህ ቢለው ንጋቱ አልሰጥም አለ። ከወንዙ እስከ ኮሶው አብረው ሄዱ። ዛፉ ሥር ሲደርሱ ንጋቱ ቆመ። አወቀ ሊያልፍ ብሎ ተመለሰና ሻንጣውን ከቀኝ ትከሻው ላይ አነሳለት። ንጋቱ በዚህ ጊዜ አልተከላከለም። ባዶ ትከሻውን በእጁ ዳበስ አደረገና፣ እያነከሰ፣ አወቀን አስቀድሞ ዳገቱን ተያያዘው።