ቀና ሲል ጣሪያ የሚዞርበት ቀለም ቀቢ

የልጄ ባል ቀለም ቀቢ ነው። ሃያ ዓመት ጣሪያ ቀብቷል፤ በእሱ ቤት ብሩሽ መያዝ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተፈጠረም። ሌሎቹ ቀቢዎች ግድግዳ አበላሺ ናቸው፤ ሐኪሞችም ለበሽታ ስም ማውጣት እንጂ ማዳን አይሆንላቸውም።

ባለፈው ወር ቀና ባለ ቁጥር ጣሪያው ይዞርበት ጀመር። አልጋ ላይ ሲገላበጥም እንደዚያው። ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘ፤ የቀለሙ ሽታ ነው አለ። ሻጩን በሰው ፊት አዋርዶ ሌላ ዓይነት ገዛ። በዚያም ዞረበት። ሽታ የሌለው ኖራ ሲቀባም እንደዞረበት ግን ለማንም አልተነፈሰም፤ መሰላሉን እንደ እናቱ አቅፎ ያየሁት ምሳ ላደርስለት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ለሰኞ የአንድ አዳራሽ ጣሪያ ሊቀባ ተዋውሎ ነበር፤ ከፍታው የሦስት ሰው ቁመት ይሆናል። ልጄ እያለቀሰች እንዲቀር ብትለምነው፣ ማዞር የሴት በሽታ ነው ብሎ አፏን አስያዛት። እኔ ግን ዝም አላልኩም።

"ከወደቅህ አስታማሚህ እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ደግሞ አይችልህም። ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ" አልኩት።

የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ልጅ እግር ናት። የጆሮ ነገር ነው ስትለው ሳቀባት፤ ጆሮው ደህና መሆኑን፣ ጎረቤት በሐሜት ሲያነሳው እንኳ በግድግዳ አሳልፎ እንደሚሰማ አስረዳት። እሷም ሳትቆጣ ነገረችው። የሚሰማው ክፍልና ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል በውስጠኛው ጆሮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲታወክ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ከአሸዋ ያነሱ ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተው ፈሳሽ ያለበት ጠማማ ቱቦ ውስጥ ገብተዋል። ራሱን ሲያዘነብል ፈሳሹን ይገፉታል፤ ጆሮው ለአንጎሉ እየዞርክ ነው ይላል፣ ዓይኑ ቆመሃል ይላል፣ አንጎሉም የማንን እንደሚያምን ይጨንቀዋል።

አንጎል ካለ ልል ነበር፤ ዋጥኩት።

ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው ልመልስ ብላ፣ አጋድማ ራሱን ወደ አንድ ጎን፣ ቆይታም ወደ ሌላው አዞረችው። ዓይኖቹ ተርገበገቡ። ያ ሁሉ ጉራ የት እንደገባ እንጃ፣ እጄን ጨብጦ "እማማ፣ እንዳይለቁኝ" አለኝ። አልለቀቅኩትም። ደግማ አዙራ አስቀመጠችውና ቀና በል አለችው። ጣሪያው ቆሟል።

ጥቂት ቀን መሰላል እንዳይነካ ስላዘዘችው ሥራውን ወደ ሐሙስ አዛወረ። ሐሙስ ከታች ቆሜ አየሁት። ላይኛው እርከን ላይ ወጥቶ ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ቀባ። ትንፋሼ የተመለሰው ሲወርድ ነው።

ጓደኞቹ በምን ዳንክ አሉት።

"በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ" አለ፣ እኔን እያየ። "ሐኪሟማ ራሴን ስትወዘውዝ ነው የዋለችው።"