በጎን በር የወጣው አምበል

ሂውበርት ፓልፍሪ የአውራጃው የክሪኬት ቡድን አምበል የሆነው ጨዋታ ስለሚችል አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በእንግሊዝ አምበልነት ደመወዝ ለማይቀበል የጨዋ ልጅ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ በአውራጃው ደግሞ በጋውን ሙሉ ሥራ ፈትቶ የሚጫወት ጨዋ ከእሱ ሌላ አልተገኘም።

የቡድኑ የጀርባ አጥንት አሞስ ፔሊንግ ነበር፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ በደመወዝ የሚጫወት ኳስ ወርዋሪ። ፓልፍሪ ሰዎቹን የት እንደሚያቆም ግራ ሲገባው አሞስ በአገጩ ይጠቁመዋል።

«ሚስተር ሂውበርት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶዎት ነው ዛፍ ሥር ያቆሙኝ?»

«ፀሐዩ እንዳይጎዳህ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አይዘኑ፤ ለጨዋታው ይዘኑለት!»

አንድ ነገር ግን ፓልፍሪን ያሳፍረው ነበር። ጨዋዎቹ ወደ ሜዳ የሚወጡት በመሃል በር፣ ደመወዝተኞቹ በጎን በር ነበር። በእንግሊዝ በጋ በሆነው በሐምሌ አንድ ቀን በመሃሉ በር ብቻውን ሊወጣ ሲል ቆም አለና ተመልሶ ከአሞስ ጋር በጎን በር ወጣ። ሕዝቡ ሜዳውን በጭብጨባ አናጋው።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «በሩ ጠፋህ እንዴ?» አለው።

«የለም፣ ጌታዬ። ሰዎቼ በዚያ ስለወጡ ነው።»

በመስከረም ከአምበልነት አወረዱት። ፓልፍሪ አኩርፎ ቤቱ ተቀመጠ። በኅዳር የፓርላማ ምርጫ ተጠራና የሊበራል ፓርቲ ሰዎች መጡ፤ «ስምህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ተወዳደርልን» አሉት።

በእህል ገበያው አዳራሽ ንግግሩን ገና ሲጀምር አንዱ ከኋላ ጮኸ፦ «በመጨረሻው ጨዋታ ያቺን ኳስ ሳይቀልብ የለቀቃት ማነው?»

ፓልፍሪ ከንግግሩ ወረቀት ቀና አለ። «እኔ ነኝ። መቺውን ከጨዋታ ሊያስወጣባት የወረወራት አሞስ ነው፤ እስካሁን ይቅር አላለኝም።»

አሞስ የተቀናቃኙን የሠራተኞች ፓርቲ፣ የሌበርን ምልክት ደረቱ ላይ ሰክቶ ከሰዉ መሃል ተነሣ። «አላልኩም! ድምፄንም አልሰጥዎትም! ግን እናንተ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ፖለቲከኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ፓልፍሪ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ጣሪያቸው ስለሚያፈስ የገበሬ ቤቶች እንደመጣለት ተናገረ። በምርጫው ቀን በስልሳ ሦስት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

በማግስቱ አሞስ በሩን አንኳኳ።

«የመረጥኩት ሌላውን ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሚስቴ ግን እርስዎን መርጣ ትናንት ስትስቅብኝ አመሸች። አሁን ደግሞ ምሳ ጥራልኝ ብላ ላከችኝ።»

ፓልፍሪ ኮቱን አንጠልጥሎ ተከተለው። ከተዋወቁ አምስት ዓመት ቢሆናቸውም አሞስ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር፤ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ ከተጋገረው ፓይም ሁለት ጊዜ አስደግሞ በላ።