የሰረዝኩት የእህቴ ጥያቄ

ሐኪም ሌላ ሰው ጠይቆ እናንተ መልሳችሁ ታውቃላችሁ? አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴት አፏን ሳትከፍት «ኧረ እሷ…» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለንስሐ አባቴም እንኳ።

አቃቂ ውስጥ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያልጠየቁኝንም ሳይቀር አስረዳለሁ። ታላቅ እህቴ ዘርፌ እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ የሚባለው ሰፈር፣ ልብስ ትሰፋለች። ያኔ ከመቶ ሠላሳ ኪሎ በላይ ነበረች፤ ስኳርም ነበረባት። ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታችን ስትወጣ በየወለሉ ቆማ ትንፋሽ ትሰበስባለች። ጨጓራን በቀዶ ጥገና ስለማሳነስ ሰምታ ሐኪም ልታማክር ስትቆርጥ፣ «መምህሬ፣ አብረኸኝ ሂድ፤ እኔ ሐኪም ፊት ነገር ይጠፋብኛል» አለችኝ። ጥያቄዎቿን ልብስ በምትቀድበት ወረቀት ጥግ ላይ ጽፋቸው ነበር። አምስት ናቸው።

«ይሄ ደግሞ ጽሑፍ ነው? ስጪኝ ላስተካክልልሽ» አልኳት።

እነሆ ያደረግሁት። በንጹሕ ወረቀት፣ በተራ ቁጥር፣ ርእሱን በቀይ አስምሬ ገለበጥኩት። አደጋው ምንድን ነው? ከዚያ በኋላ ምን ያህል ይበላል? ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው? ክብደቱ ተመልሶ ይመጣል? አምስተኛው «ስንት ጊዜ ቆይቼ ማርገዝ እችላለሁ?» ይል ነበር። ይህን አልገለበጥኩትም። ረስቼው ነው? አይደለም። አንብቤው ሳቅሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷታል፣ ባል የላትም፣ ታክሲ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች፤ ማን ሊያያት ነው ብዬ ሳቅሁ። የገዛ እህቴን ናቅኋት፤ ንቀቴንም ማስተካከል ብዬ ጠራሁት።

ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነበር። ቀዶ ጥገናው ብቻውን እንደማይበቃ፣ በቀሪ ዘመኗ ጥቂት በጥቂት እንደምትበላ፣ ክትትሉም እንደማይቋረጥ ነገራት። ከዚያ፣ «ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለዎት?» ሲል ጠየቃት።

ዘርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ኧረ እሷ አላገባችም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ የለም» አልኩ እኔ።

ሐኪሙ እሷን አያት። እሷ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወለሉን። «እሱ እንዳለው ነው» አለች። ሐኪሙ ጽፎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ «አምስተኛውስ?» አለችኝ።

«ዶክተሩን በማይረባ ነገር ባናደክመው ብዬ ነው።»

እኔም ሐኪሙ የነገራትን ሁሉ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ እንደገና አስረዳኋት።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ለካ በሰቃ ቆርቆሮ የሚሸጥ አንድ ሰው ከዚያ በፊት ጀምሮ ይወዳት ኖሯል፤ የማላውቀው እኔ ሊቁ ብቻ ነበርኩ። ሽማግሌ ላከ፣ ተጋቡ። ከቀዶ ጥገናው ስምንት ወር ሳይሞላ አረገዘች። የበላችው አይረጋላትም ነበር፤ በአራተኛው ወር ጽንሱ ጨነገፈ።

ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር ሐኪሙ ጋ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። መዝገቧን ገልጦ፣ «ቢያንስ ዓመት፣ ዓመት ተኩል መቆየት ነበረብዎት። የመውለድ ሐሳብ የለም ተብሎ ስለተጻፈ ነው ያልነገርኩዎት» አላት። ማን እንዳስጻፈው እሱ ረስቶታል፤ እሷም አልነገረችውም። አጠገቧ ነበርኩ። ያን ቀን ብቻ፣ መናገር በሚገባኝ ቀን፣ የምለው ጠፋኝ።

ሐኪሙ «የጨነገፈው በዚህ ነው ለማለት አይቻልም» ብሏል። እኔ በዚህ ቃል አልሸሸግም። ሰርዤዋለሁ፤ በእሷ አፍ መልሻለሁ። ሳይጠየቅ የሚመልስ ተማሪ ስንቴ ተቆጥቼ አስቀምጫለሁ! እኔን ማን ያስቀምጠኝ?

ዘርፌን ይቅርታ አልጠየቅኋትም። በጀመርኩ ቁጥር ወደ ማስረዳት እገባለሁና ራሴን እጸየፋለሁ። እናንተንም ማሩኝ አልልም። የምለምናችሁ ሌላ ነው። ይህን ቀዶ ጥገና ያሰበች ሴት ሐኪም ዘንድ አብራችኋት ስትሄዱ፣ ጥያቄዎቿን በገዛ እጇ እንደጻፈቻቸው ተዉላት። ስትጠየቅ ከንፈራችሁን ንከሱ። ዝምታው ይረዝማል፤ መልሱን የምታውቁት ይመስላችኋል። አታውቁትም። ዝም በሉ፤ እስክትጨርስ ድረስ። እስቲ ሞክሩት።