የዑመይር ደህና ጉልበት

በቡታጅራ ሰው ጉልበቱን ከታመመ ከተማው ሁሉ ሐኪሙ ነው፤ ጭንቅላቱን ከታመመ ግን ስም አውጪው። የከተማው ክለብ በረኛ ዑመይር ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ያለ ምክንያት ሲያስለቅሰውና ከጨዋታ በፊት እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ተደብቆ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ብርቄ «ድባቴ ነው፣ ይድናል» ብላ መድኃኒት ሰጠችው፤ ሁለት ሳምንትም እረፍ አለችው። ለአሰልጣኙ ለጋሽ ተካ ግን ምን ይበል? «ጉልበቴን አመመኝ» አለ። እብድ በረኛ ማን ያሰልፋል ብሎ ፈርቶ ነው፤ ያቺን አንድ ቁጥር ማልያ ደግሞ ከነፍሱ አይለያትም።

ሞኝ ነው፤ ወጌሻ ዳምጤን ረስቷል። ዳምጤ የታመመ ጉልበት ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ በማግስቱ ቅቤውን ይዞ ከች አለ። ቀኝ ጉልበቱን ይዞ ሲያሸው ዑመይር እሪ አለ።

«አየህ፣ ወለምታ ነው» አለ ዳምጤ ደስ ብሎት። እንደዚያ ከጨመቁት ጤነኛ ጉልበትም ያስጮሃል፤ ግን ለማን ይነገራል?

ሐሙስ ዕለት ዑመይር ተሳስቶ በግራ እግሩ አነከሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ይነቃበት ነበር። ዳምጤ ግን ራሱን ነቅንቆ «ተሻግሯል» አለ። «ሁለቱንም በቀርከሃ አስሮ አርባ ቀን ማስተኛት ነው።» ጋሽ ተካም ተስማማ፤ ማልያውን ለተጠባባቂው ለራምዚ ሊሰጥ ነው።

ቅዳሜ ለልምምድ ሲሰበሰቡ ቀርከሃው ሜዳ ድረስ መጣ። ተጫዋቾቹ ከበው ቆመዋል፤ ዳምጤ ገመዱን እየፈታ ነው። በአርባ ቀን ውስጥ ውድድሩ ያልቃል። ዑመይርን ላብ አጠመቀው።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አለ። «የታመምኩት ጭንቅላቴን ነው። ሲስተር ብርቄ ዘንድ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ወላሂ፣ ከቡድኑ እንዳታስወጡኝ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

ጋሽ ተካ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«ስንት ቀን እረፍ አለችህ?»

«ሁለት ሳምንት፣ ጋሽ ተካ።»

«እንግዲያው ሁለት ሳምንት ነዋ። ማልያው ይጠብቅሃል።»

የዑመይር እንባ መጣ፤ የዛሬውን ምክንያት ግን ያውቀዋል። ተጫዋቾቹ በወጌሻው መሳቅ ጀመሩ። ዳምጤ አልሳቀም።

«ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህን ሜዳ ልጆች ጉልበት ሳሽ ኖሬያለሁ» አለ ቅቤውን እየከደነ። «ስንቱ ይሆን ደህና የነበረው?»

ሳቁ ቆመ። ከትናንት በስቲያ ቁርጭምጭሚቱን ታሽቶ የነበረው ራምዚ ጎንበስ ብሎ፣ የታሰረውን የጫማውን ክር እንደገና ያስር ጀመር።