ዱዓ ከተደረገ በኋላ «እስቲ ድገመው» ያለው ዶክተር

ባለፈው በጋ ነው፣ ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን። ትዝ ባለኝ ቁጥር ምራቄን ነው የምተፋው። እኔ ዘጠነኛን አቋርጬ ባጃጅ ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ። የተማራችሁ ቅር ቢላችሁ ቅር ይበላችሁ።

ከዛ ቀደም ብሎ ታላቅ ወንድሜ ከማል እኛው አገር ቀወት ውስጥ በመስኖ ተራ ከማሳ ጎረቤታችን ከሰይድ ጋር ተጣላ። በዱላ የሰይድን ክንድ ሰበረ። ክንዱ ድኗል፣ ግን አይዘረጋም። ከማል የሰይድን ዘመዶች ፈርቶ ደብረ ሲና ወጣ። ቆላ ያደገ ሰው እዛ ብርድ ላይ ጆንያ ሲሸከም ከረመ። አባታችን ሞቷል፣ ማሳው ጦሙን አደረ፣ እናቴ ቀን ከሌት «ልጄን አምጡልኝ» ትላለች።

አስታራቂያችን ሸህ ኑሬ ለፍተው ለፍተው ሰይድን እሺ አሰኙት። ቀን ተቆረጠ።

በዋዜማው ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሸዋሮቢት መናኸሪያ ባጃጄን ኮንትራት ያዙ። «የንግግር ጥበብን ታሪክ የምናጠና ማኅበር ነን» አሉኝ። የድሮ ሰው እንዴት ይሟገት ነበር፣ ሰው እንዴት ያሳምን ነበር፣ እሱን ነው የሚሰበስቡት። ጉባኤ አላቸው፣ መጽሔት አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። የኛ ሰው አፍ እንዲህ ይከበራል ብዬ አላስብም ነበር። የነገውን ዕርቃችንን ነገርኳቸው። ሸህ ኑሬም «እንግዳ ነው፣ ይቀመጡ። ግን አፋቸውን ይያዙ» ብለው ፈቀዱ።

እኛ ጋ ዕርቅ ሥርዓት አለው። ተበዳይ ቆሞ የሆዱን ሁሉ አንዴ ያወጣል፣ ማንም አያቋርጠውም። ከዛ ዱዓ ይደረጋል። ከዱዓ ወዲያ ያንን ነገር መልሶ ያነሳ ሰው ዕርቁን አፈረሰ። አለቀ።

ሰይድ ሮቃው ዛፍ ሥር ቆሞ ተናገረ። «ውሃ እንኳ ተራውን ያውቃል፣ የላዩን አጠጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄ ሰው ግን ተራ አያውቅም» አለ። ከማል አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ እግሩ ላይ ወደቀ። ሰይድ በደህናው እጁ አነሳው። ዱዓ ተደረገ። እናቴ «አልሃምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች።

ሸህ ኑሬ ለአስር ሰላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቦዩ ወረዱ። ይሄኔ በካሜራ ሲቀርጽ የነበረው፣ ጓደኞቹ «ዶክተር» የሚሉት የማኅበሩ ሰው ተነሳ።

«ወንድም ሰይድ፣ ንፋስ ድምፁን አበላሸብን። ያቺን የውሃዋን ነገር አንዴ ብትደግምልን?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዱዓ ተደርጓል እኮ» አለ ሰይድ።

«ለጥናት ነው! እንዳንተ ያለ ተሟጋች በዘመኔ አላየሁም። ብቻ ንዴትህን እንዳትቀንስብኝ።»

«ዶክተር ይተዉት፣ ቲያትር አይደለም» አልኩት።

«አንተ ባጃጅህን ጠብቅ» አለኝ።

ሰይድም ሰው ነው፣ ሲያሞግሱት ተነሳ። መጀመሪያ ሲናገር እያመመው ነበር፣ አሁን ግን ለካሜራ ሆነ። እጁን አወናጨፈ፣ ድምፁን አቀጠነ፣ ሰው ሳቀለት። ሳቁ ሲጥመው ጨርሶ ያላለውን ጨመረ። «ምን ይፈረድበታል! አባት የሌለበት ቤት አፉ ዱላ ነው!»

የማኅበሩ ሰዎች አጨበጨቡ። እናቴ ፊት አጨበጨቡ!

ከማል «የሞተ አባቴን?» ብሎ ዘለለ። ተረባርበው ያዙት። የሰይድ ዘመዶች ድንጋይ አነሱ። ሸህ ኑሬ ፊታቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ደረሱ።

«ማነው ያስደገመው?»

«አባባ፣ ለታሪክ ነው እኮ» አለ ዶክተሩ።

«እንግዲያው ይሄን ልጅ ታሪካችሁ ውስጥ አሳድሩት። ከእንግዲህ እዚህ ማደሪያ የለውም» አሉት ከማልን እያሳዩ።

ከማል ያኔውኑ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ሄደ። እናቴን ዞር ብሎም አላያት።

የባሰው በመመለሻችን ነው። ዶክተሩ ባጃጄ ውስጥ ተቀምጦ ለጓደኛው «ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ የስድቡ አገባብ ግሩም ነው» ይለዋል። ግሩም! መሀል መንገድ ላይ አቁሜ «ውረዱ» አልኳቸው። «እንዴት?» አለ። «በእግር» አልኩት።

ሰይድ አሁን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ያፍራል፣ ግን ማፈሩ ምን ያደርግልኛል? ማሳውን እናቴ ለእኩል አራሽ ሰጠችው። ከማል ደብረ ሲና ኒካህ አስሯል አሉ። እኛን አልጠራንም።

በቀደም ደግሞ ዶክተሩ ደወለ፣ አያፍርም። ቪዲዮው ጉባኤው ላይ ታይቶ ሰዉ ሁሉ ወደደው አለኝ። «እናንተ አካባቢ ሌላ የተጣላ ሰው የለም?» ሲለኝ «አለ፣ እኔና አንተ» ብዬ ዘጋሁት።

ከዛ ወዲህ አሳምሮ የሚናገር ሰው ያቅለሸልሸኛል። ተሳፋሪው ገብቶ «ወንድም ዓለም፣ እንደው ፈቃድህ ቢሆን» ብሎ ሲጀምረኝ «ወሬውን ተወውና የምትወርድበትን ንገረኝ» እለዋለሁ። ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ።