አረብኛ የሚናገረው ኳስ

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝ የአንድ እህል መጋዘን እኩሌታ፣ አንድ ወይፈንና የአማቴ ፊት ነው። አስቀድሜ የምናገረው፣ አንብቦ ሲጨርስ «ምስኪን፣ ምን ነካው» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። ምንም አልነካኝም። ጌም እወዳለሁ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ልጆች ያሉት፣ ከጨፋ ሮቢት ማሽላና ጤፍ ሰብስቦ ኮምቦልቻ ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነኝ፤ ጌም እወዳለሁ። ከሚሴ ውስጥ ይህን በአደባባይ የሚል ሌላ ነጋዴ ካለ ይምጣና እንጫወት።

ጫቱን ይዞ ከቀትር እስከ መግሪብ ግድግዳ ሲያይ የሚውለውን ሰው ማንም «ጊዜህን ገደልክ» አይለውም። ዳማ የሚጫወተውንም እንደዚያው። ቴሌቪዥን ላይ የውጭ ኳስ አይቶ፣ በሕይወቱ ስለማያገኘው ሰው እግር ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላውን ደግሞ «ስፖርት ወዳድ» ይሉታል። እኔ ያንኑ ኳስ በገዛ ጣቴ ስመታ ግን «ይህ ሰው ልጅ ሆነ» ተባለ። እሺ፣ ልጅ ልሁን።

የጀመርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ በጡብ ጌም። መዳፍ የምታህል፣ ባትሪ ድንጋይ የምትበላ፣ ጡቦች ከላይ የሚወርዱባት ዕቃ ናት። ከባቲ ዕቃ እየያዘ ከሚመጣ ሰው በማሽላ ለወጥኳት። እሱ ሸወድኩት ብሎ ሄደ፤ እኔም ሸወድኩት ብዬ ቀረሁ፤ ጥሩ ንግድ ማለት ይህ ነው። ያኔ ሥራዬ መኪና ላይ ጆንያ መደርደር ነበር። ጆንያ የደረደረ ሰው ያን ጌም ማንም ሳያስተምረው ይገባዋል። የሚመጣውን አንተ አትመርጥም፤ የሚያርፍበትን ግን ትመርጣለህ፤ ከሥር አንድ ቀዳዳ ከተውክ ዳገቱ ላይ ጭነቱ ራሱ ያስታውስሃል። እስከ ዛሬ ከተጫወትኳቸው ሁሉ እሷን የሚበልጥ የለም። ምስል የላትም፣ ታሪክ የላትም፣ «አሸነፍክ» የሚል ቃል የላትም። እየፈጠነች እየፈጠነች ትሄድና ትሸነፋለህ። የማትዋሽ ጌም እሷ ብቻ ናት።

ቀጥሎ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ባለ ካሴቱ መጣ። ደሴ ሄጄ ስገዛው ሻጩ አንዱ ካሴት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጌም አለ ብሎ ማለልኝ፤ ካሴቱም ላይ ተጽፏል። ቤት ገብቼ ስከፍተው እፍኝ የማትሞላ ጌም ናት፤ የቀረው ያችው ሸሚዝ ቀይራ እየተመለሰች ነው። አሮጌ ማሽላ ከአዲስ ጋር የሚቀላቅል ሰው አውቃለሁ፤ አንዱን ቁና ሺህ ቁና ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ያን ቀን አየሁ። ተናደድኩ አልልም፤ አደነቅኩት። ከነዚያ ውስጥ ዳክዬ የሚተኮስባት ትሻል ነበር። አብሮት የሚመጣውን ሽጉጥ ከቴሌቪዥኑ መስታወት አስጠግተህ ከተኮስክ አትስትም። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ቅርበት ነው የምለው።

የሞባይሏ እባብ ስትመጣማ አገሩ ሁሉ ተጫዋች ሆነ። ግን ማንም ጌም እየተጫወትኩ ነው አይልም፤ «ስልክ እየነካካሁ» ነው የሚለው። ጉዳዬን ይዤ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ፣ ባለሥልጣን እባቡን አብልቶ እስኪጨርስ የጠበቅሁበት ቀን አለ። ስለ እሷ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። በልታ በልታ በገዛ ጭራዋ የምትሞት ነገር ለነጋዴ ጥሩ ምክር ናት፤ ለጨዋታ ግን ቶሎ ትሰለቻለች።

ከዚያ ፕሌስቴሽኑ መጣ፤ ነገሩም የከበደው ያኔ ነው።

መጋዘኑ የእኔና የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ነበር፤ እኩል። እሳቸው ገበሬውን ያውቁታል፣ ገበሬውም ያምናቸዋል፤ እኔ መኪናውንና ደላላውን አውቃለሁ። ከመጋዘኑ ጎን፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ባዶዋን የቆመች አንዲት ክፍል ነበረች። ተከራየኋትና ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ አግዳሚ ወንበርና በሩ ላይ መጋረጃ አደረግሁባት። ለአማቴ «ወጣቶች የሚቀመጡበት ቤት ከፍቻለሁ» አልኳቸው። እውነት ነው። «ኸይር ነው» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁም።

ሁሉንም ዓይነት ጌም አስገባሁ፤ ሁሉንም ራሴ ሞከርኩ። ሳይቀምስ የሚሸጥ ነጋዴ አይደለሁም።

የድብድቡን አልወደድኩትም። ሰውዬው ይዘላል፣ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ከእጁ እሳት ይወጣል፤ የተመታውም አቧራውን አራግፎ ብድግ ይላል። ጨፋ ውስጥ ከብት ማሳ ገብቶ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ ያየ፣ ጠብ እንደዚያ ረጅም እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ ዱላ ነው፤ ከዚያ ሽማግሌ ነው፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ እርቅ ነው። ጌሙ እርቁን አላስገባውም፤ ስለዚህ ግማሽ ነው።

መኪና የሚሰረቅበት ደግሞ ወጣቱ የሚሞትለት ነው። እኔ የታዘብኩት ሌላ ነው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ ነዳጅ አይቀዳም። ጎማ አይፈነዳበትም። ኬላ የሚባል የለም። ፖሊስ ሲያባርረው አንድ ጥግ ዞሮ ትንሽ ከቆመ ይረሱታል። ይህን የሠራው ሰው መኪና ኖሮት አያውቅም።

የኳሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ አዲስ ይወጣለታል፤ በየዓመቱም «ይሄኛውማ እውነተኛ ኳስ ነው» ይባላል። አዲሱ የተጫዋቹን ላብ ያሳይሃል፣ የሣሩን እርጥበት ያሳይሃል። ተጫዋቹ ለመዞር ግን ተሳቢ ያለው መኪና የሚያህል ቦታ ይፈልጋል። የአሮጌው ተጫዋቾች ፊታቸው ከጭቃ የተጠፈጠፈ ይመስላል፤ ኳሷ ግን እግር ላይ ትቀመጣለች፣ ስትልካትም ወደላክሃት ትሄዳለች። እኔ ላብ ለማየት አልከፍልም፤ መጋዘን ውስጥ በነፃ አየዋለሁ። አሮጌው ይበልጣል። ይህን ስል «ስላረጀህ ነው» ይሉኛል። ያረጀ ሰው ስንት እንደሚያገባባቸው መጥተው ይዩ።

እኛ ጋ የደረሰው የአሮጌው ቅጂ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ በአረብኛ ነበር የሚናገረው። ማን ቀድቶ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ድምፀ ወፍራም ነው፤ ኳሷ ወደ ጎል ስትቀርብ እየጨመረ እየጨመረ ይሄዳል፣ ስትስት ልጁ የሞተበት ይመስል ዝቅ ይላል። ከመካከላችን የሚለው የሚገባው አልነበረም። እኛ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀልን «ኮቱ፣ ና፣ አቀብለው» እንላለን፤ እሱ በራሱ ቋንቋ ያለቅሳል። ወደድነው።

አንድ ሳምንት ጭነት ይዤ ኮምቦልቻ ሰነበትኩ። በዚያ መሀል አማቴ ከአሱር ሶላት ሲመለሱ በቤቱ በኩል አለፉ። መጋረጃው ወርዷል። ከውስጥ አንድ ሰው በአረብኛ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይናገራል፤ ወጣቶቹ ጭጭ ብለዋል፤ ድንገት ሁሉም ባንድ አፍ «ያ አላህ!» አሉ። አማቴ ቁርኣን የቀሩ፣ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ግን እንደ ብዙዎቻችን አረብኛን ማንበብ እንጂ መስማት አይችሉም። ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ነበር አሉ። የሃይማኖት ትምህርት፣ ዳዕዋ መስሏቸው፣ እንዳያቋርጡ ፈርተው ተመለሱ።

ሐሙስ ዕለት የሰፈሩ ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት ወዳጃ ላይ አማቴ ተነስተው ተናገሩ። «ሶዳዬ» አሉ፣ አማቼ ማለታቸው ነው፤ «ለከተማው ወጣት የዳዕዋ ቤት ከፍተው ኖሯል፤ እኔ ሰነፍ ናቸው እያልኩ ሳማቸው ነበር፤ ዱዓ አድርጉላቸው።» ሰውም አሚን አለ። ዱዓው ሳይደርሰኝ አልቀረም፤ ከኮምቦልቻ የተመለስኩት በጥሩ ትርፍ ነው።

ቤቱ ስገባ ወለሉ ላይ የማላውቀው ምንጣፍ ተነጥፏል። ከየት መጣ ብል፣ አንድ ሽማግሌ «ለቤቱ» ብለው ሰጥተው ሄዱ ተባልኩ። ጥሩ ምንጣፍ ነበር። የነገሩን ሥር ሳልደርስበት በማግስቱ ያ ባለ ምንጣፍ ሽማግሌ ዳዕዋውን ተቀምጠው ሊሰሙ መጡ። መጋረጃውን ገለጡ። ምንጣፋቸው ላይ አሥር የሚሆን ጎረምሳ ተቀምጧል፤ አረብኛው ሰውዬ ይጮኻል፤ ቁምጣ የለበሰ ሰው ጎል አግብቶ በጉልበቱ ይንሸራተታል። ሽማግሌው መጋረጃውን መልሰው ሄዱ።

በነጋታው ግን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። አማቴ ከመስጊድ ሲወጡ አንዱ እኩያቸው ትከሻቸውን ይዞ «ሐጂ፣ የዛሬው ዳዕዋ ስንት ለስንት አለቀ?» አላቸው። ገበያ ላይ ማሽላ ሲሰፍሩ ገበሬው ሳይቀር አፉን በጋቢው እየሸፈነ ነበር። ሰባ ዓመት የተከበረ ሰው በአንድ ሳምንት መሳቂያ ሆነ። ይህን አልክድም። ግን እኔ ዳዕዋ ነው አላልኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ኳሱን አረብኛ ያስተማርኩትም እኔ አይደለሁም።

ለሽምግልና ተጠራሁ። በአማቴ ግቢ ዋርካው ሥር አምስት ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ጫቱ መሀል ላይ ነው። ክሱ ስለ አረብኛው አልነበረም፤ ያንን የሚያነሳ የለም። ክሱ ቁማር ነው። በጌም ቤት ደንብ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ የሁለቱንም ከፍሎ ይነሳል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ በአገሩ ሁሉ እንዲያ ነው። ይህ ቁማር ነው፣ ሐራም ነው ተባለ።

እኔና አማቴ አንቱ ነው የምንባባለው፤ ሶዳ ከሶዳው እንዲያ ነው። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ተናገሩ።

«ሶዳ፣ ወይ ያንን ቤት ይዝጉ፣ ወይ ከመጋዘኑ ይውጡ። ሁለቱን ባንድ ትከሻ አልሸከምም።»

«ቤቱ ምን በደለዎት?»

«ቁማር ነው።»

«ቁማር ስለሆነ ነው ወይስ ሰው ስለሳቀ?»

እንዲህ ያለ ቃል በአማት ፊት አይወጣም። ሽማግሌዎቹ መቃማቸውን አቆሙ። አማቴ ግን አልሸሹም።

«ስለሳቀም ነው» አሉ። «እኔ ለእርስዎ ዱዓ አስደርጌ ነው የተሳቀብኝ።»

መልስ ያጣ ነጋዴ ወደ ሌላ ዕቃ ይዞራል። የመሀል ዳኛ ሆነው የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ ይህ የምንቅመው ጫት ወጪው በማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ደንቡን ሕፃን ያውቀዋል።

«ነገሩ ሲያልቅ የተረታው ይችላል» አሉ።

«እኛም ቤት እንዲሁ ነው» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ትን አለው። ሌላኛው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዳኛው ሳይስቁ፣ ይህ ሰው ምላሱን ለኪራይ ቢያወጣ ከመጋዘኑ ይበልጥ ያተርፋል አሉ። አማቴ አልሳቁም። ሰው ሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ግቢያቸው፣ ሲስቅባቸው ማየታቸው ነበር፤ ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ተሸናፊ የሚከፍለው ይቅር፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይክፈል። አማቴን በቃል ስለደፈርኩ ለዱዓ የሚታረድ አንድ ወይፈን ላምጣ። ቤቱን ዝጋ ብለን ግን አንፈርድም አሉ፤ እሱን ከዘጋን ዳማውንም ልንዘጋ ነው። ያ የሁለታችሁ ነገር ነው ብለው ተነሱ። የጫቱንም እኔ ከፈልኩ።

አማቴ ቃላቸውን አላጠፉም። ቤቱን እስክዘጋ ወይም ድርሻዬን እስክተው ጠበቁ። ባለቤቴን ምን ትያለሽ አልኳት። አባቷ ናቸው፤ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ መለሰችልኝ።

«ብትዘጋውም መሳቃቸውን አይተዉም። እስካሁን የሚስቁት በአንዳችሁ ነው፤ ከዘጋኸው በሁለታችሁም ይስቃሉ።»

ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህ ይሻላል። መጋዘኑን ለአማቴ ተውኩ። ያሰብኩት ይህን ብቻ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ብሠራ «የሐጂ ሶዳ» ነኝ፤ ገበሬው ቁናውን የሚያምነው በእሳቸው እጅ ሲሰፈር ነው። ያቺ ክፍል ውስጥ ግን የማንም ሶዳ አይደለሁም። መቆጣጠሪያውን የያዘ ሰው ያባቱ ስም አይረዳውም፤ ከቻለ ያገባል፣ ካልቻለ ይነሳል። ይህን ቁም ነገር አይደለም የሚል፣ ቁም ነገር ያለውን ያሳየኝ።

ፍርዱን ግን አከበርኩ። እያንዳንዱ የየራሱን ይከፍላል። አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ፣ ጨዋታውን ገደለው። ሁለቱም ከከፈሉ ማን ለማሸነፍ ይጥራል? ኳስ እያቀበሉ ወሬ የሚያወሩ ጎረምሶች አየሁ። ሰነባብቶ ጥረቱ ተመለሰ። ከመጋረጃው ውጭ ምን እንደተስማሙ አላውቅም። አልጠየቅሁም።

አሁን በስልክ የሚመጡ አዳዲሶች አሉ፤ ከረሜላ የሚደረደርባቸው። ነፃ ነው ብለው ይጠሩሃል፤ ከገባህ በኋላ ሕይወት አለቀብህ፣ ግዛ ይሉሃል። ለእኔ ይህ ነው ቁማሩ። ሽማግሌ የጠራበት የለም። ከከሳሾቼ አንዱ ቀን ሙሉ ሲደረድረው አይቻለሁ፤ «ስልክ እየነካካሁ ነው» አለኝ።

በየአረፋው ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አማቴ ቤት እሄዳለሁ። በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» እላለሁ። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና ይመልሱልኛል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ሥጋው ይቀርብልኛል፣ እበላለሁ፣ እመርቃለሁ፣ እወጣለሁ። ይቅርታ በል የሚሉኝ አሉ። በአፌ ለወጣው ቃል በወይፈን ከፍያለሁ። ለኳሱ ይቅርታ አልልም።

ሂሳቡ ይህ ነው። መጋዘን የለኝም። ጌም ቤት አለኝ። ከአማቴ ጋር አልታረቅንም።