ሊማሊሞን ያስወረደኝ እንቅልፍ

ዘመኑ የደርግ፣ ቀኑ ዓርብ ጠዋት... ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ላንድሮቨሩን አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ።

«ምን ሆነ?» አሉኝ ከጎኔ የተቀመጡት ጓድ ስመኝ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ።

«ሞተሩ ትንሽ ይቀዝቅዝ ብዬ ነው።»

«በዚህ ብርድ?»

ከደባርቅ ከተነሣን አንድ ሲጋራ የሚያልቅበት ጊዜ እንኳ አልሞላም ነበር። ሞተሩ ገና አልሞቀም።

እውነቱን ልናገር። ከክረምቱ በፊት አንድ ኩርባ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎኝ፣ መኪናው የፊት ጎማውን ገደል ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ሰው አልተጎዳም። ፍሬኑ ጎንደር ሄዶ ተጠገነ። እኔን ግን የጠገነኝ የለም። ወደ ዳባት ንዳ ቢሉኝ እነዳለሁ፤ ሊማሊሞ አፋፍ ስደርስ ግን እግሬ ከእኔ ጋር መመካከር ያቆማል።

ቁልቁል ወደ አዲአርቃይ ልናደርሰው የነበረውን የክትባት ሳጥን እንደያዝን ወደ ደባርቅ ተመለስን። ጓድ ስመኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አዲአርቃይ ሕፃናት ይጠብቁናል። ሰኞ ካላወረድከን ቁልፉን ታስረክባለህ፤ ከጎንደር ሌላ ሾፌር እጠይቃለሁ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ... «ግን ይሄ በሽታ ነው። መድኃኒት አለው።»

መድኃኒቱ ሂፕኖሲስ ይባላል። ጓድ ስመኝ ምሥራቅ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ ያመጡት አንድ ረጅም ካፖርትና ይህን ነው። ሰውን በንግግር ብቻ አስተኝተው ፍርሃቱን ያናግሩታል። «ጥንቆላ እንዳይመስልህ፤ ሳይንስ ነው» አሉኝ። ሲደጋግሙት ጊዜ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ጤና ጣቢያው ካድሬ የሚገባበት የሚወጣበት ስለሆነ፣ ሕክምናው እኔ በተከራየሁት ቤት እንዲሆን ተስማማን።

እሑድ ከሰዓት አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። እሳቸው የመኪናውን ቁልፍ በክር አንጠልጥለው ዓይኔ ፊት ያወዛውዙ ጀመር።

«የምትጠየቀውን ሁሉ ትመልሳለህ... ዓይንህ ከበደ... እጅህ ከበደ...»

ተኛሁ ልበል? ድምፃቸውን እሰማለሁ። እጄ ግን የጎረቤት እጅ ሆኗል።

«የት ነህ?»

«ሊማሊሞ።»

«ምን ይታይሃል?»

«ጉም... ከጉሙ ሥር ግን ምንም የለም።»

በዚህ መሃል በሩ ተበረገደ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ውድነሽ ናቸው። ቡዳም ሆነ ዛር ሲነሣ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወራ ተከራይ ሲያዩ ማንም እንዲጠራቸው አልጠበቁም።

«መድኃኔ ዓለም ድረስ! ልጁን ይዞታል!»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ... ሳይንስ ነው!»

«ስሙን አወጣ? ደግ አደረጉ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሳይንስ! ይኼን ልጅ ከየት አገኘኸው?»

በእኛ አገር የያዘ መንፈስ እንዲሁ አይለቅም፤ ስሙን፣ የያዘበትን ቦታና የሚሻውን ተጠይቆ፣ ተደራድሮ፣ ምሎ ነው የሚሄድ። እኔ ደግሞ የተጠየቅኩትን ሁሉ እንድመልስ ታዝዤ ነው የተኛሁት።

«ከሊማሊሞ» አልኩ።

«ምን ትሻለህ? ጥቁር በግ? ሽቶ?»

«ብቻዬን አልወርድም።»

«እና ከማን ጋር ትወርዳለህ?»

«ዝም ከማይል ሰው ጋር።»

እትዬ ውድነሽ ጥቂት አሰቡ። ለዚህ ሥራ ከእሳቸው የተሻለ ሰው በሰፈሩ እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ።

«እኔ አለሁ። አሁን ማል! ብመለስ የሚካኤል ሰይፍ ይቁረጠኝ በል!»

ማልኩ። ኋላ እንደሰማሁት ጓድ ስመኝ በዚያ ሰዓት ካድሬ እንዳይሰማ መስኮቱን እየዘጉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ከጎኔ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው መኪና ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ጓድ ስመኝ ከነካፖርታቸው ከኋላ፣ ከክትባቱ ሳጥን ጋር ሆኑ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ እግሬ እንደ ልማዱ ፍሬኑ ላይ ተተከለ። ወዲያው ጉልበቴ ላይ ጥፊ ወረደብኝ።

«ኧረ እትዬ!»

«አንተን አይደለም፤ እሱን ነው! አንተ ሳይንስ፣ ትናንት አልማልክም? ውሸታም!»

ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። እሳቸውም ጀመሩ። በየኩርባው ይሰድቡታል፤ መካከል ላይ ደግሞ የጎረቤቶቻችንን ጉድ አንድ በአንድ ይነግሩኛል። የማን ሚስት ለምን ወደ በየዳ እንደተመለሰች ለመስማት ጆሮዬን ስቀስር፣ ያ ፍሬን እምቢ ያለኝ ኩርባ ከኋላችን ቀርቷል። ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ ስለነበር እሳቸውም ገደሉን አላዩትም።

ከተራራው ግርጌ፣ ድብ ባሕር ደርሰን ቆምን። እትዬ ውድነሽ ወርደው ወገባቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ ዓይናቸው ሽቅብ ሄደ። ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። መንገዱ ግድግዳው ላይ እንደተጣለ ክር ነው። እዚያ ክር ላይ አንድ የጭነት መኪና ጢንዚዛ አክሎ ይወርዳል።

«በዚያ ነው የወረድነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከአዲአርቃይ ስንመለስ እንወስድዎታለን» አልኳቸው።

«እኔን? በዚያ ላይ? ቀኝ እጄን ቁረጡት!»

ጓድ ስመኝ ከኋላ ወረዱ። ዕድል ያገኙ መሰላቸው። «እትዬ፣ አይስጉ፤ ፍርሃት በሽታ ነው። እርስዎንም አስተኝተን እናክምዎታለን።»

«ምኔን? እኔ ምን ሆንኩና? እግር አለኝ!» ብለው፣ በአቋራጭ ወደ ደባርቅ ከሚወጡ ባለበቅሎዎች ጋር ተቀላቅለው ሄዱ።

እኔ ክትባቱን አዲአርቃይ አደረስኩ፤ ሽቅብም ነድቼ ተመለስኩ። ጓድ ስመኝ እስከ አፋፉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ «ተኝቼ ነው» አሉኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ቀረ።

ሳስበው እትዬ ውድነሽ እውነታቸውን ነው... እኔም እኮ እግር ነበረኝ፤ ችግሩ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለኝ ለእግሬ አልነበረም።